ፈታኙን ወደ ሳጥን ማስገባት

ልጁ በአባቷ ቀብር ላይ ያነበበችውን የሕይወት ታሪክ በስልክ ልካልኛለች። ጥሩ አድርጋ ጽፋዋለች። ተወለደ፣ ተማረ፣ ሰው መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖረ፣ አገባ፣ አንዲት ልጅ ወለደ፣ በስተርጅናው ባሕር ተሻግሮ ልጁ ዘንድ ከረመ፣ አረፈ ይላል። "ባሕር ተሻግሮ" የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ያ ሁሉ ጉድ በሁለት ቃል አለቀ! ልጅቷ አይፈረድባትም፤ ያን ጊዜ እዚያ ማዶ ሆዷን ይዛ ተኝታ ነበር። እዚህ ቤት ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የተሻገረበትን መንገድ እኔ እጽፈዋለሁ።

እኔ የሚስቱ ታናሽ እህት ነኝ። እህቴ ስትታመም ላስታምማት አንድ ሻንጣና የስፌት መኪናዬን ይዤ መጣሁ። እሷ ሄደች። ሻንጣውን መልሶ ለመሸከፍ ቀን ስመርጥ፣ እኔም በዚያው ቀረሁ።

ጋሼ ነበር የምለው። ሥራው በመኪና ውስጥ በቀኝ በኩል መቀመጥ ነበር። መሪው በግራ፣ ተማሪው እጅ ላይ ነው፤ በእሱ እግር ሥር ያለው ሁለተኛ ፍሬንና ሁለተኛ ፍሪሲዮን ነው። የዕድሜውን ግማሽ መሪ ሳይጨብጥ በነዳ ሰው ላይ የሚደርሰው ሁሉ ደርሶበታል። ውኃ ስቀዳ ከጎኔ ቆሞ "ቀስ… ቀስ… አሁን ልቀቂ" ይለኛል። ቴሌቪዥን ላይ መኪና በፍጥነት ሲመጣ ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይረግጣል። ምንጣፉ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል፤ ሁለቴ ደርቤ ሰፍቼዋለሁ።

የቤቱ ውሻ የእህቴ ነበር። ገና ቡችላ ሳለ ከቆመችው የጋሼ መኪና ሥር አውጥታ ያሳደገችው ነው። እሷ አልጋ ላይ ስትውል ቤቱን በጩኸት አላስቀምጥ ቢል፣ ጋሼ ወደ ሥራ ይዞት መውጣት ጀመረ። ውሻው የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ይላል። ተማሪው ፍሪሲዮን ቶሎ ለቅቆ መኪናዋን ሲያዘልላት አንዴ ይጮኻል፤ ከዚያ በመስኮት ያያል። ተማሪዎቹ "ፈታኙ" አሉት። የእውነተኛው ፈታኝ ፊት ላይ ቢያንስ አልፎ አልፎ ፈገግታ ይታያል ይሉ ነበር።

እህቴ ካረፈች በኋላ ፈታኙ ቤት ውስጥ መተኛት ተወ። መኪናዋ ውስጥ ካልሆነ እንቅልፍ በዐይኑ አይዞርም። የጋሼም እንቅልፍ ያው ነበር፤ እሱ ግን ሰው ስለሆነ ለወጉ አልጋው ላይ ይጋደማል።

ድመትም አለች። የማንም አልነበረችም፤ መጥታ የተቀመጠች ናት፤ በዚህ እንኳ እኔንና እሷን የሚለየን የለም።

እንዲህ ስንኖር ልጅቷ ደወለች። ማርገዟን እናውቅ ነበር። አሁን ግን ሐኪም ከአልጋ እንዳትነሺ ብሏታል፤ ባሏ ሥራው መርከብ ላይ ነው፤ ሰው የላትም።

"አባዬ፣ ና። ልጄ ስትወለድ ብቻዬን አልሁን።"

"እመጣለሁ" አላት፣ ሳያስብ። ቀጥሎ አሰበና፣ "ግን ፈታኙን ይዤ ነው" አለ። ሌላም አሰበ። "መኪናዋንም።"

"አባዬ፣ እዚህ መኪና አለን እኮ።"

"ሁለት ፍሬን አለው?"

"ለምን ሁለት ፍሬን ይኖረዋል?"

"እንግዲያው እንዴት ብዬ ነው የምቀመጥበት?"

ስልኩን ከእጁ ወሰድኩና፣ "እሺ ብሏል፤ ሌላውን ተይው" አልኳት። እሺ ማለቱ እውነት ነው። "ሌላውን" ግን ማንም ሊተወው አልቻለም።

እኔ ራሴ ሞክሬያለሁ። "ጋሼ፣ እዚያ አገር እኮ መሪው በቀኝ በኩል ነው አሉ" አልኩት።

"ታዲያ! እኔ የኖርኩት በቀኝ በኩል ተቀምጬ አይደል? ለዚያ አገር የተፈጠርኩ ሰው ነኝ።"

"የመኪናህ መሪ ግን በግራ ነው።"

"እሱ የመኪናዋ ችግር ነው" አለኝ።

ወሬው ሲሰማ መካሪ በዛ። ከዚህ ሰፈር ወደዚያ ሰፈር ዶሮ አሻግሮ የማያውቅ ሁሉ የእንስሳት ማጓጓዝ ሊቅ ሆነ። አንዱ ውሻውን አስተኝቶ እንደ ሻንጣ ማሳለፍ ይቻላል አለ። ሌላዋ የአክስቷ ልጅ በቀቀን በካፖርቱ ውስጥ ይዞ ሄዷል አለች፤ በቀቀኑ በመንገድ ላይ ምን አለ ብንላት ተቀየመችን። አንድ የድሮ ተማሪው ደግሞ መኪናዋን ፈታትቶ በየዕቃ በፖስታ መላክ ይቻላል ብሎ መጣ። ጋሼ ተማሪውን ትኩር ብሎ አየውና፣ "አንተን ማን ነው ያሳለፈህ?" አለው።

ጉዳዩን የሚያስፈጽመው ትራንዚተር ክራቫት ያሰረ፣ በሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ የሚያወራ ወጣት ነበር። መኪናዋን አንዴ ዞራትና ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ አደረጋት።

"አባቴ፣ ይህችን ጭነው ከሚሄዱ ፎቶዋን ይዘው ቢሄዱ አይሻልም?"

"ፎቶ ፍሬን ይይዛል?"

"ይህችስ ትይዛለች?"

"በሁለት በኩል!" አለው ጋሼ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ችግሩም ያ ነበር። ትራንዚተሩ እንዳለው ከሆነ፣ ሁለተኛው ፍሬንና ፍሪሲዮን ካልተነሣ መኪናዋ ወደዚያ አገር አትገባም። አንድ መኪና አንድ ሹፌር ብቻ ነው የሚኖራት። ደግሞም መርከቡ ስለሚዘገይ መኪናዋ አስቀድማ መሄድ አለባት። መካኒኩ በቀኝ በኩል ያለውን ፔዳል ሲፈታ ጋሼ ከጎኑ ቁጢጥ ብሎ ብሎኖቹን በመሐረብ ውስጥ ይቋጥር ነበር። አፅናኑኝ አላለም፤ ለአንድ ፔዳል ደግሞ ማን ያፅናናል?

የእንስሳት ሐኪሟ ከሁሉም የተሻለች ነበረች። ክትባቱን ሰጠችው፣ አንገቱ ላይ ከቆዳው ሥር መታወቂያውን አስገባችለት፣ ዕድሜውን ጠየቀች፤ ስንነግራት ቅንድቧ ከፍ አለ። ልቡን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች።

"ይችላል" አለች። "ካልተጨነቀ ይችላል። የማደንዘዣ መድኃኒት ግን አልሰጠውም፤ በዚህ ዕድሜው አየር ላይ እንዳለ ልቡ ሊቆም ይችላል። ከአሁኑ ሳጥኑን አለማምዱት። ሳጥኑን እሱ የሚወደው ቦታ አስቀምጡለት፤ ምግቡን እዚያ ስጡት፤ እዚያ ይተኛ። ጉዞው ሲደርስ ሳጥኑ ቤቱ ይሆንለታል።"

እሱ የሚወደው ቦታ! ሁለታችን ተያየን። እንዲህ ግልጽ የሆነ ትእዛዝ ሐኪም አዝዞ አያውቅም። በዚያው ዕለት የመኪናዋን የኋላ ወንበር አወጣንና ሳጥኑን እዚያ ገጠምነው። ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ በሩ የብረት ፍርግርግ። እኔ ወለሉን የሚያህል ፍራሽ ሰፋሁለት። ፈታኙ አንዴ አሸተተና ገብቶ ተኛ። ሌሎች ውሾች ወር ይፈጅባቸዋል የተባለውን እሱ ቁርስ ሳይበላ ጨረሰው። ጋሼ ለልጁ ደውሎ "ባንዴ አለፈ!" አላት። ለትራንዚተሩም ደወለ። ጎረቤቱም ሁሉ መጥቶ እንዲያይ ተደረገ፤ ውሻው መኪና ውስጥ፣ ሳጥን ውስጥ፣ ፍራሹ ላይ ያንኮራፋል፤ እኛ በመስኮት ቆመን እንደ ሙሽራ እናየዋለን። ከመካከላችን፣ እኔንም ጨምሮ፣ መኪናዋ በመርከብ ውሻው በአውሮፕላን እንደሚሄዱ ትዝ ያለው አንድ ሰው አልነበረም።

መኪናዋ ደረቅ ወደብ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ሳጥኑን አውጥተን ወንበሯን መለስንላት። ጋሼ ጫማውን ጠርጎ፣ በቀኝ በር ገብቶ ተቀመጠ፤ ቀበቶውን አሰረ፤ "መስታወት አስተካክል" አለ። እኔና ፈታኙ ከኋላ ነን። የግራው ወንበር ላይ ማንም የለም።

"ጋሼ" አልኩት።

"እህ?"

"ማነው የሚነዳው?"

ግራውን አየ። ከዚያ ቀበቶውን ፈታ፣ ወርዶ ዞረ፣ በግራ ገባ። እስከ ወደብ ድረስ ራሱን ሲቆጣ ሰማሁት፤ "ፍሬቻ! ፍሬቻ አልኩ እኮ! ወዴት ነው የምትቸኩለው?" ይላል። ፈታኙም አንዴ ጮኸበት። ደረስን።

የመኪናዋን ነገር እዚሁ ልጨርሰው። መርከቡ ያልተባለበት ወደብ ሁሉ ደርሶ፣ መኪናዋ ሕፃኗ ጥርስ ስታበቅል ነው ደጃፋቸው የቆመችው። የዚያ አገር መርማሪዎች ዐይተዋት ተሳሳቁና፣ በግቢ ውስጥ ብትቆም እንጂ መንገድ ላይ አትወጣም ብለው ወረቀት ሰጧት። ጋሼ አልተከፋም። መካኒኩ የፈታውን በመሐረብ በቋጠራቸው ብሎኖች መልሶ ገጠመው። ማንም በማይነዳት መኪና ውስጥ ሁለት ፍሬን ምን ይሠራል ብዬ በስልክ ስጠይቀው፣ "እንዳትሄድ ነዋ!" አለኝ።

ወደ ፈታኙ ልመለስ። ከወደብ በታክሲ ተመልሰን ሳጥኑን ሳሎን አስቀመጥነው። ያው ሳጥን፣ ያው ፍራሽ፣ ያው የምግብ ሳህን። ፈታኙ እንደ ማያውቀው ሰው ገላመጠው። ዞረው፣ ወደ ውጭ ወጣ፣ መኪናዋ ትቆምበት የነበረው ዘይት የነካው መሬት ላይ ተኛ። የዚያን ጊዜ ነው ጋሼ ቀስ ብሎ ወንበር ላይ የተቀመጠው።

"የወደደው ሳጥኑን አይደለም" አለ።

"አይደለም" አልኩ።

"እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ነን?"

ሳህኑን አንሥቼ ለፈታኙ ወደ ውጭ ወሰድኩለት።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርነው የለም። ሥጋ ከሳጥኑ ጥግ አስቀመጥን፤ ድመቷ በላችው። ፍራሹን የእህቴን ሹራብ አለበስኩት፤ ድመቷ ተኛችበት። ክትባት የሌላት፣ ወረቀት የሌላት፣ ማንም እንሂድ ያላላት ድመት ቀኑን ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ተጋድማ ጉዞውን ትጠብቃለች። የጎረቤት መኪና ተውሰን ሳጥኑን ከኋላ ጫንን። ፈታኙ በትሕትና ገባ፣ አሸተተ፣ ወረደ። ሁለት ሆነን ገፋነው። አልነከሰንም፤ እግሮቹን በበሩ ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቆመ እንጂ። እንዲህ ያለ ፍሬን ጋሼ እንኳ አይቶ አያውቅም።

ልጅቷ ደግሞ ደወለች። ሐኪሞቹ አንጠብቅም፣ የመውለጃሽን ቀን አቅርበነዋል ብለዋታል። ድምጿ ደክሟል።

"አባዬ፣ አትቀርም አይደል?"

"አልቀርም።"

ስልኩን ዘግቶ ከውሻው ጋር ተፋጠጠ። እኔ የምለውን ካሰብኩ ሰንብቼ ነበር።

"ጋሼ፣ ለእኔ ተወው። እኔ እይዘዋለሁ።"

"አይሆንም።"

"ምን ይጎድለዋል?"

"ምንም አይጎድለውም። ግን አርጅቷል።" ወደ እኔ ሳያይ ነበር የሚናገረው። "እሷን አንቺ አስታመምሽ። አንቺ ገነዝሽ። እኔ ግቢ ውስጥ መኪና አጥብ ነበር። አሁን ደግሞ እሱን ላንቺ ጥዬ ልሂድ? ሁሉ ቀብር ባንቺ ላይ ነው እንዴ?"

እንዲያ ረጅም ነገር ስለ እህቴ ተናግሮ አያውቅም ነበር። እኔም፣ "መኪናዋም እኮ ቆሽሻ ነበር" አልኩት። የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ እራት ላቀርብ ተነሣሁ።

የጉዞው ቀን ሳጥኑን ባዶውን፣ ውሻውን በገመዱ ይዘን ሄድን። እሱ ለልጁ ሲል ሙሉ ልብስ ለብሷል። የካርጎው መጋዘን ሰፊ ነው፤ በየቦታው ካርቶን ተከምሯል፣ ጋሪ ይንጫጫል። ቁመቱ ዘንጋዳ የሚያህል ተረካቢ ሠራተኛ መዝገቡን ይዞ መጣ።

"ውሻው የታለ?"

"ይኸው" አለ ጋሼ።

"ሳጥኑስ?"

"ይኸው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?"

"እሱን።"

ሠራተኛው ውሻውን አየ፣ ሳጥኑን አየ። "ለየብቻ አንረከብም፣ አባቴ።"

"እንደሱ ብትረከቡማ ምን ችግር ነበር?"

"ቶሎ በሉ። አውሮፕላን ውሻ አይጠብቅም። ካልገባ ይዛችሁት ተመለሱ፤ እርስዎ በሰው በኩል ይሂዱ።"

ገፋነው፤ እግሩን ዘረጋ። ሠራተኛው ቁራሽ ዳቦ ከኪሱ አውጥቶ ወረወረ፤ ፈታኙ ዳቦውን አይቶ ሠራተኛውን አየው፤ ሠራተኛው አፈረ። ጋሪ የሚገፉት ሰዎች መጥተው ከበቡን። አንዱ "ጆሮውን ያዙት" አለ፤ ሌላው "ይተዉት፣ እሱም አገሩን ይወዳል" ብሎ ሳቀ። ጋሼ ሰዓቱን አየ። ፊቱ ልክ እህቴ በተኛችበት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እንደነበረው ሆነ፤ ተመልሶ ግቢ ገብቶ መኪና የሚያጥብ መሰለኝ።

ኮቱን አወለቀና ሰጠኝ።

"ያዢ።"

ተንበረከከ። ራሱን አስገባ፣ ትከሻውን አስገባ፣ ቀጥሎ በጉልበቱ እየዳኸ ወገቡ ድረስ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ውጭ የቀረው የተወለወለ ጫማውና የሱሪው መቀመጫ ነው። መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ሠራተኛው መዝገቡን አየት አድርጎ፣ "እርስዎ በዚህ በኩል አልተጻፉም" አለ።

ጋሼ ከውስጥ ማስተማር ጀመረ። ያው ለተማሪ የሚያወጣው ድምፅ ነው። "እየኝ። ሲገቡ አይቸኮልም። ራስ ይቀድማል። ጎንህን አታስነካ። ከዚያ መዞር ነው።" ዞረ፤ እንዴት እንደዞረ አላውቅም፤ ሸሚዙ ሲቀደድ ሰማሁ። አሁን ፊቱ ወደ በሩ፣ ጉልበቱ አገጩ ሥር ነው። "አየህ? ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለውም።"

ፈታኙ አንገቱን ቀልሶ አየው። እግሩን አነሣ። አወረደ። ከዚያ ገባ። ለሁለት የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ግማሹ ጋሼ ጭን ላይ ሆነ። አፍንጫውን አንገቱ ሥር ወሸቀ።

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። እኔ ኮቱን ይዤ በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ሰማሁት እንጂ ሌላ ሰው አልሰማም። ድምፁን የአስተማሪ አላደረገውም።

"እሷ መጥታ አትወስድህም" አለው። "ጠብቄ አይቼዋለሁ። አትመጣም።"

ውሻው ምን እንደገባው አላውቅም፤ የገባው ነገር አለ ብዬም አልከራከርም። ተነፈሰ፤ ክብደቱን ሁሉ ለቀቀው፤ ተኛ። ጋሼ አንድ እግሩን አወጣ፣ ቆየ፣ ሌላውን አወጣ፣ ቆየ። እንዲያ ቀስ እያለ ከውሻው ሥር ተስቦ ወጣ። ብድግ ሲል ጉልበቱ ተንቋቋ፤ ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተተርትሯል። መርፌና ክር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ጊዜው ግን አልነበረም።

"ይዘጋ" አለ ሠራተኛው።

ጋሼ የበሩን ፍርግርግ ያዘ። ያዘው እንጂ አላንቀሳቀሰውም። ፈታኙ ከውስጥ በአንድ ዐይኑ ያየዋል።

"አንቺ ዝጊው" አለኝ።

ዘጋሁት። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከዚህ በፊትም ለእኔ ተትቶልኛል። ሠራተኛው ሳጥኑ ላይ ወረቀት ለጠፈበት፤ አንዱ ጋሪ ገፊ፣ "እኔ ቀስ ብዬ ነው የምወስደው፣ አባቴ" አለና ቀስ ብሎ ወሰደው። ጋሼ ኮቱን ከቀዳዳው ሸሚዝ በላይ ለበሰ። አቀፈኝ። "ስትሻገሪ ግራ ቀኝ እያየሽ" አለኝና በሰው በኩል ሄደ።

በማግስቱ ማታ ደወለ።

"ደረሳችሁ?"

"ደረስን። ተወለደች።"

"ደርሰህላታል?"

"የማዋለጃው በር ላይ ነበርኩ። እጄን ይዛ ነው የገባችው።" "ሸሚዜን አይታ መንገድ ላይ ተደበደብክ ወይ አለችኝ።"

"ሕፃኗ ማንን ትመስላለች?"

የእህቴን ስም ሊጠራ ጀምሮ ተወው።

"ገና ዐይኗን አልገለጠችም" አለ።

"ፈታኙስ?"

"ወይ ፈታኙ! ከሳጥኑ አልወጣም ብሏል። ትናንት ከነሳጥኑ ወደ ቤት አመጣነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ለአንዳንድ ጉዳይ ብቅ ይልና ተመልሶ ይገባል። የልጄ ጎረቤቶች ሊያዩት መጥተው፣ እናንተ አገር ውሻ እንዲህ ነው የሚታሰረው ወይ አሉኝ። በሩ ክፍት ነው እኮ እያልኩ በምልክት ሳስረዳ ዋልኩ።"

"ታዲያ ገብተህ አታስወጣውም?"

"ሌላ ሸሚዝ የለኝም።"

ሳቅን። እሱ ቀድሞ ተወ።

"ቤቱ እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው። ፀጥ ብሏል።"

"ማን አለ?"

"ድመቷ አለች። ሳጥኑ የቆመበት ቦታ ላይ ትዞራለች።"

"እንግዲህ ሬዲዮውን ክፈቺ" አለኝ። "ድምፁን ብዙ አትጨምሪ።"

ከፈትኩት። አንድ ሰው ስለ ነገው የአየር ሁኔታ ይናገር ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ ሁለታችንም እስኪጨርስ አዳመጥነው።